ነገረ ጌን፤ ስለ መኪና ባስና ስለ ልኩ በወላይታ ሶዶ የተነገረ ዲስኩር



ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች ሁሉ በከተማችን በሶዶ ስለሚገናኙ፣ እኛ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምንኖር ሰዎች የመኪናን ድምፅ ለይቶ በማወቅ ከማንም አናንስም ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ገና ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያው የሚነሣው የረዳቶች ጥሪ፣ ቀጥሎም የባጃጁ ጥሩምባ፣ ከዚያም ዳገቱን የሚቧጥጠው የጭነት መኪና ጉርምርምታ፣ እያንዳንዱ በየጠባዩ ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ተለይቶ፣ ጆሮ ከመስማቱ አስቀድሞ ደረት የሚያውቀው፣ የመስኮትን መስተዋት የሚያንቀጠቅጥ፣ በረከቦት ላይ የተደረደረውንም ሲኒ እርስ በርሱ የሚያማታ አንድ ድምፅ አለ፤ እርሱም ወጣቶቻችን በአንዲት አጭር ቃል «ባስ» የሚሉት ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ድምፅ፣ ይልቁንም ድምፁን በሚያገዝፈው ማጉያ ጎን ላይ ተቀምጣ በካቻቪቴ ጫፍ ስለምትዞር አንዲት ትንሽ ቁልፍ ልናገር ነው። ስሟ «ጌን» ይባላል።

ይህ ለዲስኩር የሚበቃ ጉዳይ ነውን ብሎ በልቡ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አልወቅሰውም፤ እኔም ይህችን ቁልፍ ማክበር የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ያረጀች ኮሮላ ገዝቼ፣ የጎረምሳነት ዕድሜ ካለፈኝ በኋላ የጎረምሳ አምሮት ይዞኝ፣ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ከነሣጥኑ ከኋላ አስገጠምሁ። የገጠመልኝ ባለሙያ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ሥራውን ሲጨርስ ካቻቪቴውን ወደ ኪሱ እየመለሰ «ጋሼ፣ ጌኑን እስከ ጥግ ከፍቼልዎታለሁ፤ ገንዘብዎ በከንቱ አልሄደም» አለኝ። እኔም ነገሩን እንደ ምርቃት ቆጥሬ ተቀበልሁት። ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦን አልፌ ስሄድ፣ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ማብለጭለጭ በጀመረበት ሰዓት፣ በመኪናው ውስጥ አንድ እንግዳ ሽታ መጣብኝ፤ የቤንዚንም የጎማም ያልሆነ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ባሱ እንደ ሽማግሌ አንድ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ስመለስ ባለሙያው ስፒከሩን አገላብጦ አይቶ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ፈረደበት። ፎርጅድስ አልነበረም፤ ገዳዩ ያ ካቻቪቴ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ፣ መጻሕፍትም ካገላበጥሁና ከእኔ የተሻሉትን ከጠየቅሁ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ ድምፅ በዚያ ጥቁር ሣጥን ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ይገባል። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዓለም ያቀረቡት ዓይነት ስፒከር እስከ ዛሬ ድረስ ባሕርዩ አልተለወጠም፤ ከበስተኋላ ጠንካራ ማግኔት አለ፣ በማግኔቱም ጠባብ ቀለበት ውስጥ ከቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል ተንጠልጥሏል፣ ኮይሉም ከፊት ከሚታየው ሾጣጣ ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በኮይሉ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ኮይሉ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፣ ወረቀቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ወረቀቱም አየሩን ይገፋል። ድምፁ 50 ሄርዝ ከሆነ ይህ ምልልስ በአንዲት ሴኮንድ 50 ጊዜ ይፈጸማል፤ የማዕበሉም ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይደርሳል። የእኔ ኮሮላ ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አምስት ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ስለዚህ ማዕበሉ በውስጧ ተዘርግቶ የሚያልቅበት ስፍራ ስለማያገኝ፣ በመኪናዋ ያለውን አየር በጠቅላላው አንጥረኛ ወናፉን እንደሚነፋ ይጨምቀዋል፣ ይለቀዋልም። በመንገድ ዳር የቆመ ሰው ዘፈኑን ሳይለይ የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥ ብቻ የሚሰማበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ንፉግ ሆኖ ተፈጥሯል። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው አቆጣጠር በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ወፍራሙ ድምፅ ከቀጭኑ ጋር እኩል መስሎ እንዲሰማን እጅግ የሚበልጥ ኃይል ይፈልጋል። ለባስ ብቻ ተብሎ ሌላ ማጉያ የሚገዛውም ስለዚህ ነው፤ በቴፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማጉያ ለዘፋኙ ጉሮሮ ብትበቃም ለከበሮው ሆድ አትበቃም።

እንግዲህ ከቴፑ ወጥቶ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ወደ ማጉያው የሚገባው ምልክት ደካማ ነው፤ ከአንዱ ቴፕ ቢበዛ 2 ቮልት፣ ከሌላው 4 ወይም 5 ቮልት ይወጣል። ማጉያውን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ መሣሪያው ወደፊት ከየትኛው ቴፕ ጋር እንደሚጋባ አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ለምሳሌ ከ0.2 እስከ 6 ቮልት ያለውን ሁሉ ማስተናገድ እንዲችል ጌንን አበጅቶለታል። ትርጓሜዋም ይህ ነው፤ ሰው ለማጉያው «ከቴፑ የሚመጣልህ ትልቁ ነገር ይህን ያህል ነው፤ እርሱን ያየህ ጊዜ ሙሉ ኃይልህን ስጥ» ብሎ የሚነግርባት ልሳን ናት።

በማሕሌት ቆመው ያደጉ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። መሪጌታው ዜማውን ሲያነሣ፣ ገና በመጀመሪያው ቃል ላይ ሳለ፣ በኋላ የሚመጣውን ከፍተኛውን ስፍራ በልቡ ይመዝናል፤ አነሣሡ ከልክ በታች ዝቅ ቢል ዜማው ይሞታል፣ ከልክ በላይ ከፍ ቢል ደግሞ ዜማው ወደ ላይ በወጣ ጊዜ የሊቃውንቱ ድምፅ ይሰነጠቃል። በቃለ ሕይወት ወይም በመካነ ኢየሱስ ኳየር የዘመራችሁም፣ ፒያኒስቱ መዝሙሩን በስንት እንደሚጀምርላችሁ ለምን እንደምትከራከሩ ታውቃላችሁ። በየአዳራሹ ካለው ሚክሰር ላይ፣ ከሁሉ በላይ በኩል የተደረደሩት «ጌን» የሚል ጽሕፈት ያለባቸው ቁልፎችም የዚህችው የመኪናዋ ጌን እኅቶች ናቸው፤ ሰባኪው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሞንታርቦው ቃሉን የሚበጫጭቅብን፣ ብዙውን ጊዜ አነሣሡ ከመጀመሪያው ስለተበላሸ ነው።

አሁን ያን የእኔን ባለሙያ እናስበው። ጌኑን እስከ ጥግ ሲያዞር ለማጉያው የነገረው «0.2 ቮልት ሲመጣልህ ይህ ሙሉ ነው» የሚል ቃል ነው፤ ከቴፑ ግን 2 ቮልት ይመጣል። ዐሥር እጅ ማለት ነው። ማጉያው የታዘዘውን ሊፈጽም ወደ ላይ ይወጣል፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ቮልት ከወሰነለት ጣሪያ በላይ አንዲት ስንዝር ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ተለጥፎ ይቆያል። ለስላሳ ኮረብታ መሆን የሚገባው ማዕበል፣ ዳሞታን ጫፉን በማጭድ ቆርጠው ጠረጴዛ እንዳደረጉት ሁሉ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። በሞያው ቋንቋ «ክሊፕ አደረገ» የሚሉት ይህን ነው።

የተቆረጠው ማዕበል ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። አንደኛው በጆሮ የሚታወቅ ሻካራነት ነው፤ ማዕበሉ በተቆረጠ ጊዜ በቀረጻው ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። (ሻካራነት ሁሉ ግን ነውር አይደለም፤ በገና ያን ልብ የሚነካ እዝታውን የሚያገኘው በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል ከምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ያን ግን ባለበገናው አስቦ ለጸሎት ያስገባው እንጂ ከካቻቪቴ ስሕተት የመጣ አይደለም።) ሁለተኛውና የከፋው ሙቀት ነው። አናቱ ፈጽሞ የተቆረጠ ማዕበል፣ ቁመቱ ከለስላሳው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ የሚሸከመው ኃይል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ልኩን ጠብቆ 300 ዋት የሚሰጥ ማጉያ፣ የኤሌክትሪኩ ምንጭ እስከ ቻለለት ድረስ ወደ 600 ዋት ሊሰድ ይችላል። ትርፉም ለሰሚው ብዙ ድምፅ ሳይጨምር ኮይሉን ያግላል፣ የሽቦውን ቫርኒሽ ያቀልጣል። በአባያ ዳር የሸተተኝ እርሱ ነበር።

«ጌኑ ሲጨምር እኮ ይጮኻል፤ እኛ በጆሯችን እንሰማለን» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው ይጮኻል። የሚጮኸው ግን ቀድሞ ቴፑ 30 ላይ ሲደርስ የሚገኘው ኃይል አሁን 10 ላይ ስለተገኘ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ማዞሪያ ሁሉ የሚጨምረው ጣሪያ የመግጨትን ብዛት ብቻ ነው። የከተማችን ሾፌሮች «የእኔ ቴፕ ገና 12 ላይ ቤት ያፈርሳል» እያሉ ሲመኩ በሰማሁ ቁጥር፣ ስለ ማጉያቸው ብርታት ሳይሆን ስለ ጌናቸው መበላሸት እየመሰከሩ እንደሆነ ልነግራቸው እየቃጣኝ እተወዋለሁ፤ ከሾፌር ጋር በመንገድ ላይ መከራከር ጥበብ አይደለምና።

ልኩ እንዴት ይገኛል? አስቀድሞ የስፒከሩና የማጉያው እውነተኛ ኃይል ይታወቅ። በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው 2000 ወይም 3000 ዋት ለዓይን የተጻፈ ነው፤ የሚፈለገው በመመሪያው ወረቀት ውስጥ በትንንሽ ፊደል «አርኤምኤስ» ተብሎ የተጠቀሰው፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሸከመው ኃይል ነው። ከሁለቱ ያነሰውን ያዙ። ከዚያ በኋላ፣ ጀርመናዊው መምህር ኦም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ካሳተመው ሕግ ተነሥተው ሊቃውንት እንዳሰሉት፣ ዋቱን በስፒከሩ ኦም አባዝቶ ዳግም ዘሩን ያወጣ ሰው ማጉያው ሊሰጥ የሚገባውን ቮልት ያገኛል። 300 ዋት በ4 ኦም ሲባዛ 1200 ነው፤ ዳግም ዘሩም 34.6 ቮልት ይሆናል። ስፒከሩ ባለ 2 ኦም ቢሆን ግን ለዚያው 300 ዋት 24.5 ቮልት ብቻ ይበቃዋል፤ ይህን ልዩነት ባለማወቅ የጠፋውን የኮይል ብዛት የጋራዥ በረንዳዎች ይናገሩት።

ቮልቱ በልብ ከተያዘ በኋላ የ50 ሄርዝ ንጹሕ ድምፅ በፍላሽ ተጭኖ ይቀርባል። የስፒከሩ ሽቦ ከማጉያው ይፈታል፤ ይህን የዘለለ ሰው ስፒከሩን በገዛ እጁ ለእሳት አቀረበው። ሞተሩ ይነሣል። በቴፑ ላይ ያለው የባስና የትሬብል ማስተካከያ ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ላውድነስ ይጠፋል፣ በማጉያው ላይ ያለችው «ባስ ቡስት» የምትባለው አታላይ ቁልፍም ትዘጋለች፤ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ የሚለየው ማጣሪያ ድምፃችንን እንዳይቀንስብን እስከ ላይ ይከፈታል። ጌኑ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይመለሳል። የቴፑ ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ ይደረጋል፤ ይኸውም መጨረሻው 40 የሆነ ቴፕ 30 ላይ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት በሚለካበት ስፍራ አድርጎ፣ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርሳቸው ሳያነካኩ በማጉያው የስፒከር መውጫዎች ላይ መያዝ፣ በሌላውም እጅ ጌኑን በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ ማዞር ነው። 34.6 ሲነበብ እጅ ይነሣ። ድምፁ ተቀንሶ ስፒከሩ ይታሰር፤ ማጣሪያውም ወደ 80 ሄርዝ አካባቢ ይመለስ።

ስለምን 50 ሄርዝ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጥፋ። በየቤታችን የሚገባው 220 ቮልት መብራት ራሱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በሶዶ ሱቆች የሚሸጠው ርካሽ ቴስተርም የቤት መብራት እንዲለካ የተሠራ ስለሆነ፣ በዚህ ምልልስ ላይ የሚነበበው ቁጥር የሚታመን ነው። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ብንወጣ ግን ርካሹ ቴስተር መዋሸት ይጀምራል። ውድ መሣሪያ አጥተን ቸግሮናል ለሚሉ ባለሙያዎች ይህ አንድ መጽናናት ነው። እርግጥ ነው፣ የማዕበሉን አናት መቆረጥ በዓይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው፤ በስፒከሩ ላይ የተጻፈው 4 ኦም ራሱ ድምፁ በተለዋወጠ ቁጥር የሚለዋወጥ ስያሜ ስለሆነ፣ አስተዋይ ሰው ካሰላው ቮልት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል።

አንድ ነገር ግን በመጻሕፍት ሳይሆን በሚኒባሶቻችን ውስጥ የተማርሁት አለ። በካሴት ዘመን የተቀዱት የቆዩ ዘፈኖች ወደ ፍላሽ ሲገለበጡ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ከስቱዲዮው ሲወጡ ጣሪያ ነክተው ይወጣሉ። ሾፌሩ የአባቱን ዘመን ዘፈን ሲያጫውት ባሱ አነሰበትና ጌኑን ይጨምራል፤ ፍላሹ ወደሚቀጥለው፣ ትናንት ወደ ወጣው ዘፈን ሲሻገር ማጉያው ሳይታሰብ ጣሪያውን ይገጫል። ለቆየው ዘፈን የቴፑን ድምፅ ማዞሪያ ጨምሩለት፣ ሲያልፍም መልሱት፤ ጌኑን ለዘፈን ብላችሁ አትንኩት።

የማጉያው ጣሪያ ራሱ ከመኪናው ዲናሞ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ይነሣ ያልሁትም ስለዚህ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፍ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይገኛል። 300 ዋት የሚሰጥ ጥሩ ማጉያ ከዚህ ወደ 28 አምፔር ይጠጣል፤ መብራቱና መጥረጊያው ተጨምረው የአሮጌ ትንሽ መኪና ዲናሞ ይጨነቃል፣ ከበሮው በመታ ቁጥርም የፊት መብራቱ ዓይኑን ይጨፍናል። ቮልቱ ወደ 11 ቢወርድ ከብዙዎቹ ማጉያዎች የሚገኘው ኃይል ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድላል፤ ጣሪያው ዝቅ ብሏልና ያው ዘፈን ክሊፕ ያደርጋል። የባጃጅ ባለቤቶች በተለይ ስሙኝ፤ የባጃጅ ዲናሞ ለመብራትና ለጥሩምባ የተሰፈረ ነው፣ በመቀመጫው ሥር 500 ዋት ለማኖር የሚደረገውን ሩጫ በአህያ ላይ እንደ ተጫነ ግንድ አየዋለሁ። ከባትሪው የሚነሣውም ሽቦ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ስፍራ ፊውዝ ይኑረው፤ ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ከብረት ጋር ቢነካካ መኪናውን ከነተሳፋሪው ያነዳል። ማጉያውንም ከምንጣፍ ሥር አትቅበሩት፤ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የከተማችን አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማቀዝቀዙም ይሰንፋል።

ስለ ጆሮ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ኃይልን ከ300 ወደ 600 ዋት ማጠፍ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን ወደ ዐሥር እጅ ኃይል ያስፈልጋል። ዐሥር ማጉያ ከመግዛት መስኮት መዝጋት ይረክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል መስማትን እንደ ወሰን ሲያስቀምጥ፣ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲሆን ያ ወሰን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ ከማለዳ እስከ ምሽት በባሱ አጠገብ የሚውለው ረዳት ይህን የሳምንት ወሰን ገና አንዱ ቀን ሳይጋመስ ይጨርሰዋል። በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተመለከተውም ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲገባ፣ ሕዝቡ በየመንደሩ ሲጨፍር፣ ይህን ቁጥር ይዞ የሚዞር ሰው ደስታ የጠላ ይመስላል፤ የጊፋታን ምድር የሚያናውጠው የእግርና የጭብጨባ ድምፅ ግን ጌን የለውም፣ ከደከመም ያርፋል።

ከመካከላችሁ አንድ የሚኒባስ ባለቤት መኪናውን ለሙከራ እንድንጠቀምበት ፈቅዶ በግቢው አቁሞታል፤ ቴስተሩም ካቻቪቴውም ፍላሹም ተዘጋጅተዋል። ፈቃዳችሁ ከሆነ አሁን ወጥተን በዓይናችን እንየው። ባለቤቱ ግን ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ወደ ጎን ወስዶ አንድ ነገር ለምኖኛል፤ ምናልባት የእኔ ልክ ካልጣመው መልሶ እንዲያዞረው፣ ጌኑ ቀድሞ የነበረበትን ስፍራ በነጭ ቀለም ምልክት እንዳደርግበት። አድርጌለታለሁ።